የባሕር ጊንጥ በሙዓይዘር

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቴ እያለ፣ ከትምህርት ቤት የምመለሰው ወደ ቤታችን ሳይሆን ሙዓይዘር በሚባለው የኳታር ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትልቅ ቪላ በር አጠገብ ወደተሠራች የሹፌር ክፍል ነበር። ክፍሏ የጋሽ ወርቁ ነበረች። ጋሽ ወርቁ የሥጋ ዘመዳችን አይደሉም፤ አባቴ ዶሃ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት አል ሂላል ውስጥ ስድስት ሆነው በተጋሯት ክፍል አልጋቸው ጎን ለጎን ስለነበረ ብቻ ከወንድም በላይ ተዛመዱ። በኋላ አባቴ ሰናዒያ፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ የመካኒኮች አለቃ ሲሆን እናቴንና እኔን አስመጣን፤ ጋሽ ወርቁ ደግሞ የአንድ አዛውንት ኳታራዊ ሹፌር ሆነው ሙዓይዘር ገቡ። አዛውንቱን ቤተሰቡም ሠራተኛውም ባባ ነበር የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ያ የብርድ ወቅት እናቴ ያልነበረችበት ነው። ሆዷን እያመማት ለማንም ሳትናገር ስትሠራ ቆይታ በመጨረሻ ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ እህቶቿ ባሉበት ለመታከም አዲስ አበባ ሄደች። ኤርፖርት ላይ ጸጉሬን በጣቶቿ ወደ ኋላ እየሰበሰበች፣ ሁለት ሳምንት ነው፣ ቢበዛ ሦስት፣ ፈተናሽን ሳትጨርሺ እመጣለሁ አለችኝ። አባቴ ከሥራ የሚመለሰው ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነበር። ባባ ደግሞ ከቤት ብዙም ስለማይወጡ ጋሽ ወርቁ አስፈቅደው በባባ መኪና ከትምህርት ቤት እየወሰዱኝ፣ አባቴ መጥቶ እስኪረከበኝ ድረስ እዚያው ያቆዩኝ ጀመር።

ያኔ፣ አየሩ በረድ ሲል፣ ባባ የሚቀመጡት እንግዳ በሚቀበሉበት መጅሊስ ውስጥ ሳይሆን ግቢው ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ነበር። ከፊታቸው እግር ያለው የብረት ምድጃ ይደረጋል፤ ከሰሉ ቀስ እያለ ይቀላል፤ ከዳሩ ሄል የገባበት ሻይ በማንቆርቆሪያ ተጥዶ ይንተከተካል። የከሰሉ ጭስ ዩኒፎርሜ ላይ አድሮ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሁሉ ይሸተኝ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ባባ ለመግሪብ ሶላት ይነሣሉ፤ ምንጣፉና ፍሙ ለእኛ ይቀራሉ፤ የግቢው በር መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ይበራል። ጋሽ ወርቁ የባባን ቦታ አይነኩም፤ ከምንጣፉ ዳር ቁጢጥ ብለው ፍሙን በብረት መቆስቆሻ እየገላበጡ «ጆሮሽን አቅርቢ» ይሉኛል፤ እኔም «አቀረብኩ» እላለሁ። እዚህ ላምም በረትም ስለሌለ የተረታችን መግቢያ ይኸው ይሁን ብለው ራሳቸው የፈጠሩት ነው።

ተረታቸው ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ አልነበረም። ጋሽ ወርቁ ኳታር ከመምጣታቸው በፊት አገር ቤት የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ቡድን የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። መሰርሰሪያው ከምድር ሆድ የሚያወጣውን ጭቃና ድንጋይ ሲያዩ ስለኖሩ የድንጋይ ነገር አይሰለቻቸውም። ባባ ደግሞ በጉልምስናቸው ጋዝ በሚፈለግበት ሥራ ላይ የኖሩ የድንጋይ ባለሙያ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጆቻቸው ስለ ድንጋይ የሚሰሙበት ጊዜ አጡ፤ ሹፌራቸው ሰማቸው። ባባ አልፎ አልፎ አብረውን ሲወጡ፣ አንዱ በተሰባበረ ዓረብኛ፣ ሌላው በተሰባበረ እንግሊዝኛ መኪና ውስጥ ሲያወሩ ከኋላ ወንበር ሆኜ እሰማለሁ። ባባ ቀን የነገሯቸውን ጋሽ ወርቁ ምሽት ላይ በአማርኛ አድርገው ለእኔ ይመልሱልኛል።

በመጅሊሱ መደርደሪያ ላይ የሻይ ትሪ የሚያህል ግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቆሞ ነበር። ባባ ጡረታ ሲወጡ አንድ የሌላ አገር ሰው፣ ባልደረባቸው የነበረ፣ ከአገሩ አምጥቶ የሰጣቸው ነው። ድንጋዩ ላይ ከጅራቱ እስከ ራሱ እጄን የሚያህል ቡናማ እንስሳ ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ከፊት እንደ አካፋ ምላስ ከበብ ያለ፣ ወገቡ ቀለበት በቀለበት እየጠበበ የሚሄድ፣ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለ ነው። የኋላ እግሮቹ ግን መራመጃ አይመስሉም፤ ጫፋቸው እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ሰፍቷል። ጊንጥ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የጊንጥ የሩቅ ዘመድ ነው፣ የባሕር ጊንጥ ይሉታል አሉኝ ጋሽ ወርቁ። ባባ ከተቀመጡበት ሆነው ጣቴን እንዳላሳርፍበት ብቻ አስጠነቀቁኝ።

ይህ እንስሳ በኖረበት ዘመን ምድር ባዶ ነበረች እያሉ ይጀምራሉ ጋሽ ወርቁ። ዓመቱን ስጠይቃቸው ከአራት መቶ ሚሊዮን ይበልጣል ይሉና፣ በጣትሽ አትድከሚ፣ ጣት አይበቃውም ይሉኛል። ባዶ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ደግሞ አንድ በአንድ ያወርዱልኝ ነበር። ዛፍ የለም፣ ሣር የለም፣ ወፍ የለም፣ የሚጮኽ ውሻ የለም፤ ውኃው ዳር ብቻ እንደ ድንጋይ ሽበት ያለ፣ ከመሬት ስንዝር ያላለፈ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል። ነፋስ ይነፍሳል፤ የሚያንኮሻኩሸው ቅጠል ግን ስለሌለ ነፋሱ እንደ ዛሬው አይሰማም። ጨረቃ ቀረብ ብላ ትታያለች። ቀኑም ያጥራል፤ ከንጋት እስከ ንጋት ሃያ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ይህን ሲሉኝ፣ እዚያ ዘመን ብንሆን እናቴ ቶሎ ትመጣ ነበር ብዬ እንዳሰብኩ ትዝ ይለኛል።

ሕይወት ሁሉ ውኃ ውስጥ ነው። የባሕር ጊንጣችን የሚኖረው ጥልቁ ባሕር ውስጥ ሳይሆን ዳር ዳሩን፣ ሞቃትና ጨዋማ በሆነ፣ ጉልበት በማያልፍ ውኃ ውስጥ ነው፤ አል ዋክራ ዳርቻ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ተኝቶ እንደሚቀረው ዓይነት። ጭቃው ላይ ይራመዳል፣ ሲሻው ይቀዝፋል፣ ትል ይለቅማል፣ መንጋጋ ያልነበራቸውን የዚያን ዘመን ዓሦች ያሳድዳል። የእኛው ትንሽ ነው እንጂ ከዘመዶቹ መካከል ከሰው ቁመት የሚረዝም ነበረ። ሲያድግ ቅርፊቱ ይጠበዋል። ያኔ ከብጤዎቹ ጋር ጸጥ ወዳለው ውኃ ይመጣና ቅርፊቱ ከፊት በኩል ይሰነጠቃል፤ እሱ ከአሮጌ ልብሱ ሾልኮ ይሄዳል፤ የተወውን ልብስ ጭቃ ይቀብረዋል። ባባ እንዳሉት ሰዎች ከድንጋይ ፈልፍለው ያገኙት ቅሪት አብዛኛው ሬሳ ሳይሆን እንዲህ የተጣለ ልብስ ነው።

ወደ ጥልቁ ሲኬድ ደግሞ አየር የማይደርሰው ጥቁር ጭቃ አለ። ከላይ የሞተ ሁሉ እዚያ ይሰምጣል፤ እንደ ልቡ ሳይበሰብስ ይከማቻል። ድንጋይ በላይ በላዩ እየተጫነው፣ የምድር ሙቀት እያበሰለው፣ ከዘመናት በኋላ ጋዝ ወጣው። ባባ ጉልበታቸውን የጨረሱት ያን ጥቁር ድንጋይ ከእግራችን ሥር፣ እጅግ ታች፣ ሲያስሱ ነው። ጋሽ ወርቁ የበሩን መብራት በአገጫቸው እያመለከቱ ይኼም የሚበራው በዚያ ጭቃ ነው አሉኝ። ቀና ብዬ ረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ መብራት ሳይ ምንም የሚሰማኝ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ያን ምሽት ቀና ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ።

እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችንም ዓርብ ነበር። የሰማሁትን በልጆች ክፍል ሳወራ አስተማሪያችን ተጨነቀችና ለአባቴ ነገረችው፤ አባቴ ደግሞ እያፈረ ለጋሽ ወርቁ አደረሰላቸው። ጋሽ ወርቁ ከፊተኛው ወንበር የማይታጡ፣ ሲጸልዩ አዳራሹ የሚሰማቸው አማኝ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው አልተቆጡም። «ጌታን ስንት ዓመት እንደፈጀበት አልጠየቅሁትም፤ ድንጋዩን ግን አይቼዋለሁ» አሉ። ወሬው በዚሁ ቀረ፤ እኔም ልጆቹን መንገሬን ተውኩ።

እናቴ ከሄደች ሦስት ሳምንት አለፈ፣ አራትም ሆነ። መጀመሪያ ላይ ምሽት ምሽት ትደውል ነበር። ኋላ ስልኩን አክስቴ ታነሣው ጀመር፤ ተኝታለች ትለናለች፤ ሌላ ቀን ሆስፒታሉ ስልክ አያስገባም ትላለች። ቀጥሎ ኔትወርክ የለም ተባልኩ። አባቴ ጢሙን መላጨት ተወ፤ ብጠይቀው ምላጩ ቆዳዬን እያቆሰለው ነው አለኝ። የጸሎት ቡድናችን ሴቶች ወጥ በድስት እያመጡ ይሰጡን ነበር፤ እናቴ ስለሌለች ነው ብዬ ተቀበልኩ። ክፍል ውስጥ ስገባ ወሬ ይቆማል፤ ራሴን ይዳብሱኛል። ልጅ ይህን ሁሉ ያያል። እኔም አይቻለሁ፤ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ግን አላሰብኩትም።

እናቴ ሞታ ነበር። አባቴ አውሮፕላን ሳይሳፈር ቀብሯ በማግስቱ ተፈጸመ። በእኛ ልማድ መርዶ ቀን ተመርጦለት ነው የሚነገረው፤ የጉባኤው ሽማግሌዎችና አባቴ ተመካክረው ፈተናዬን እስክጨርስ እንዳይነገረኝ ወሰኑ። ከሁሉ በላይ ብዙ ሰዓት አብሬያቸው የምውለው ከጋሽ ወርቁ ጋር ስለነበር አፋቸውን እንዲይዙ ተለመኑ። እሳቸውም እሺ አሉ። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሁሉን እያወቁ፣ ፍሙ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ነገሩኝ።

አሁን ሳስበው ተረቱ በእነዚያ ሳምንታት ተለውጦ ነበር። ቀድሞ እየቆሙ፣ ምን ይመስልሻል እያሉ፣ ጥያቄዬን እየጠበቁ ነበር የሚነግሩኝ። ያኔ ግን አይቆሙም። አፌን የምከፍትበት ክፍተት እንዳላገኝ የፈሩ ይመስል አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው እየቀጠሉ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ ባዶው መሬት፣ ድምፅ ስለሌለው ነፋስ፣ የአባቴ መኪና ጥሩምባ እስኪሰማ ድረስ ይናገራሉ። ሻያቸው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። እኔ ወደድኩት። ረጅም ተረት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ለመጨረሻው ፈተናዬ ሦስት ቀን ሲቀር የባሕር ጊንጡን በቡናማ እርሳስ ሣልኩት። ከሥሩ «ለእማዬ» ብዬ ጻፍኩበት። በዚያ ሳምንት አንድ የጉባኤያችን ሰው አዲስ አበባ እንደሚሄድ ሰምቼ ስለነበር ወረቀቱን ለጋሽ ወርቁ ሰጠሁና እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። አልጋ ላይ ሆና ታየዋለች አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና ነገ ይሁን አሉኝ። ያን ቀን ተረት አልነገሩኝም። አባቴ ሲመጣ ሁለቱ ከበሩ ውጭ መኪናው አጠገብ ቆመው አወሩ። የአባቴ ድምፅ አይሰማም፤ የጋሽ ወርቁን ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰማሁ። «ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ከዚህ ወዲያ አልችልም።»

በማግስቱ አባቴ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም፣ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። ባባ ምንጣፋቸው ላይ ነበሩ። ሁለቱን ሰዎች አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ የሶላት ጥሪ ሳይሰማ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። የምድጃው ሙቀት ጉልበቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ወርቁ እንደ ሁልጊዜው ቁጢጥ አላሉም። ፊት ለፊቴ ተንበረከኩና እጄን ያዙ።

«ቤዛዬ፣ እናትሽ ሞታለች» አሉኝ። «ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆናት። አባትሽም እኔም እናውቅ ነበር። ደብቀንሽ ነው።»

ምን እንደተሰማኝ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ ራሴንም ጠይቄያለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ክንድ ላይ ተኝተውበት ሲነሡ እጅ የራስ እንዳልሆነ ይመስላል አይደል፣ እንደዚያ ነበርኩ፤ ግን ሁለመናዬ። ከአባቴ ጥፍሮች ሥር የገባውን የሞተር ዘይት አየሁ። የአንድ ከሰል ጫፍ ነጭ ሆኖ ሲፈርስ አየሁ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ያለውን ሥዕል አየሁ።

«ዓይኑ ስንት ነው?» አልኩ።

አባቴ ቀና አለ። ያልሰማሁ መሰለው። «ቤዛ፣ እማዬ እኮ ነች...» አለ።

ጋሽ ወርቁ ግን እጄን ሳይለቁ መለሱልኝ። «አራት ነው» አሉ። «ሁለቱ ትልልቅ ናቸው፣ ባቄላ የሚመስሉ። ሁለቱ መሐል ላይ ናቸው፤ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ልብ ብሎ ያላየ አያገኛቸውም።»

እርሳሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሥዕሉ ላይ ሁለት ነጥብ ጨመርኩ። አባቴ ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው።

አል ሂላል ያለው ቤታችን ለሦስት ቀን በሰው ተሞላ። ሳሎኑ ጠባብ ስለነበር ወንዶቹ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሴቶቹ አቅፈውኝ ያለቅሳሉ፤ እንባቸው አንገቴ ላይ ይወርዳል፤ የእኔ ግን አልመጣም። ልጅቷ ደንዝዛለች ይባባላሉ። አንዷ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝና አልቅሺ፣ ውስጥሽ ካስቀረሽው ይጎዳሻል አለችኝ። ልታዘዛት ፈልጌ ዓይኔን አሸሁ። ቀላ እንጂ አላለቀሰም። ለመጨረሻው ፈተናም ሄጄ ተፈተንኩ፤ ሳይንስ ነበር፤ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ይህንንም አንዳንዶች በክፉ ያነሡት ነበር። ጋሽ ወርቁ በእነዚያ ቀናት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ውኃ ያቀብላሉ፣ ወንበር ያመቻቻሉ እንጂ አልቅሺም ዝም በዪም አላሉኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሙዓይዘር ተመለስኩ፤ ድንጋዩን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ባባ ሰሙ መሰለኝ፣ ራሳቸው ከመደርደሪያው አውርደው በሁለት እጃቸው አቅፈው መጡና ምንጣፉ ላይ፣ ከፊቴ፣ አስቀመጡልኝ። ጣት እንዳታሳርፊ አላሉኝም። ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ድንጋይ ነው። ይኼኛው ሞቷል ወይ ብዬ ጋሽ ወርቁን ጠየቅኋቸው።

«ይኼ ልብሱ ነው» አሉኝ።

እጄን ከድንጋዩ ላይ አላነሣሁም። ሐሳቤ የት እየሄደ እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቀስ ብለው ጨመሩ። «ከልብሱ ወጥቶ ሄዷል። በኋላ ግን እሱም ሞቷል፣ ቤዛዬ። ከነሱ በሕይወት የቀረ አንድም የለም።»

ባባ ምን ተባለ ብለው ጠየቁ፤ ጋሽ ወርቁ በዓረብኛ ነገሯቸው። ባባ ፍሙን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰሒሕ» አሉ፣ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እናትሽም ልብሷን ጥላ ነው የሄደችው ይለኝ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ያን የሚመስል ነገር ብለውኛል፤ ዛሬም አምነዋለሁ። ግን ያን ዕለት የሚያስፈልገኝ እሱ አልነበረም። ተመልሳ ትመጣ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ እንደማትመጣም የተረዳሁት ከሻዩ ጋር ነው።

ዓመታት አለፉ። አባቴ ስለዚያ ወቅት ዳግመኛ አንሥቶ አያውቅም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ ባባ አረፉ፤ ልጆቻቸው ቪላውን ሊሸጡት ወሰኑ። የጋሽ ወርቁ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው፣ በባባ ስም የተያያዘ ነበርና ወደ አገር ቤት መግባት ግድ ሆነባቸው። ሻንጣ ሲያስሩ ላግዛቸው ሄጄ በዚያች የሹፌር ክፍል ውስጥ፣ ሸሚዝ እያጠፍኩ ሳለ፣ ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። እሳቸው ኳታር በገቡ በሁለተኛው ዓመት እናታቸው ሞተዋል። ቤተሰቡ በሰው አገር ብቻውን ሆኖ አይደንግጥ፣ ሹግሉን፣ ሥራውን፣ ጥሎ አይምጣ ብሎ ስምንት ወር ደበቃቸው። ስምንት ወር ሙሉ «ለእናቴ ሰላም በሉልኝ» ይሉ ነበር፤ እሺ ይባላሉ። ለብርዱ ብለው ብርድ ልብስ ገዝተው ልከዋል።

«ሱቅ ውስጥ ቆሜ ቀለም ስመርጥ ነበር» አሉኝ፤ «ሰማያዊ ትወዳለች ብዬ። አፈር ከለበሰች አምስት ወር ሆኗት ነበር።»

ያኔ ማንንም እንዲህ አላደርግም ብለው ምለው ነበር። ከዚያ በእኔ ላይ ሦስት ሳምንት አደረጉት። ይቅር በዪኝ ልልሽ አይደለም፣ እንድታውቂው ብዬ ነው አሉና ሸሚዙን ከእጄ ተቀብለው ሻንጣው ውስጥ ከተቱት። ሌላ ሸሚዝ አነሣሁና አጠፍኩ።

ዛሬ አል ሂላል ውስጥ አንድ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፤ ከጉባኤያችን ሴት ልጆች ጋር ቤት ተጋርተን እንኖራለን። አባቴ አርጅቷል፤ አል ዋክራ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ብዙ በማይርቅ ቤት፣ አሁንም የሰው መኪና እየጠጋገነ ይኖራል። ባለፈው ዓመት፣ አየሩ በረድ ሲል፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ከኢትዮጵያ ስልክ ተደወለልኝ። የማላውቀው የሴት ድምፅ ነው። የጋሽ ወርቁ ልጅ ነኝ አለችኝ። እንደምን ነሽ፣ ሥራ እንዴት ነው ሳትል በቀጥታ ገባችበት። «አባዬ ዛሬ ጠዋት ሞተ። አስቀድሞ አዝዞን ነበር፤ ለቤዛ በዕለቱ ይነገራት፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳድሩባት ብሎ።»

ስንት ሰዓት ላይ ነው ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አለችኝ። አመሰገንኳት። ከፊቴ አንድ ታካሚ መታወቂያውን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ ስሙን መዝግቤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ከኋላው ያለውንም እንዲሁ። ከዚያ አለቃዬን አስፈቅጄ በሜትሮ አል ዋክራ ወረድኩ። መንገድ ላይ ሽማግሌዎችን ይዤ መሄድ እንደነበረብኝ፣ መርዶ እንዲህ ብድግ ተብሎ እንደማይነገር አሰብኩ። ግን አልተመለስኩም። አባቴ በሩን ከፈተልኝ፤ እጁ ላይ ጨርቅ ይዟል።

«አባዬ፣ ጋሽ ወርቁ ሞተዋል» አልኩት። «ዛሬ ጠዋት ነው።»

በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው። «ማን ነበር አጠገባቸው?» አለኝ።

«ልጃቸው ነበረች።»

«ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ፣ ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ እናቴ የሞተችበትን ቀን ይነግረኝ ጀመር። ማታ ሾርባ ጠጥታ እንደነበር፣ አክስቴ እግሯን ስታሻት እንዳደረች፣ ሊነጋጋ ሲል መስኮቱን ክፈቱልኝ እንዳለች፣ ስሜን እንደጠራች። እሱ ራሱ አላየውም፤ ከአክስቴ አፍ የሰማውን ነው የሚነግረኝ። ያንን ሁሉ ዓመት ግን አንዲት ቃል ሳይጥል ይዞት ኖሯል። መሐል ላይ አላቋረጥኩትም። ሲጨርስ መስኮቱ ተከፍቶላት ነበር ወይ ብቻ አልኩት፤ አዎ፣ ተከፍቶላታል አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ከነገሩኝ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የድንጋዮቹን ስም፣ የትኛው ባሕር ከየትኛው እንደሚቀድም አሁን ብጠየቅ አላውቅም። ያ ባዶ ምድርና ጨዋማው ውኃ ግን አለ፤ ፈልጌው ሳይሆን ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ይመጣል። ዘግይቶም ቢሆን ልቅሶው ይመጣል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እስካሁን አልመጣም፤ እኔም መጠበቁን ትቻለሁ። ለእናቴ አላለቀስኩም፣ ለጋሽ ወርቁም አላለቀስኩም። ግን ሁለቱም በስንት ሰዓት እንደሞቱ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ አውቃለሁ። ያን ምሽት አባቴ እራት ሠራ፤ ሁለታችንም እስኪበቃን በላን፤ በማግስቱ ጠዋት ጢሙን ሳይላጭ ወደ ሥራው ወጣ።